ጉልበት ወይስ ካሶኒ

ፒክአፕ ሰውና ዕቃ አንድ ሻንሲ ላይ ተጋፍተው የሚኖሩበት መኪና ነው። ከፊት ያለውን ሞተሩ ይይዘዋል፤ እሱን የሚከራከር የለም። ከሞተሩ በስተኋላ የሚተርፈውን ግን ጋቢናውና ካሶኒው ይካፈሉታል። በመካከላቸው የቆመችው የላሜራ ግድግዳ ወደ ኋላ ሸሸት ስትል ሰው ይደላዋል፤ ወደ ፊት ስትጠጋ ዕቃው ይሰፋዋል። ሁለቱን እኩል ያስደሰተ ፋብሪካ የለም፤ ያስደሰተ ሲመስልም መኪናው ረዝሞ ማቆሚያ ያጣል።

ይህን የድንበር ጉዳይ ቶዮታ ሃይሉክስ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በ2015 የወጣው ሃይሉክስ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በአብዛኛው ገበያ ሲንግልም ሆነ፣ ኤክስትራ ካብም ሆነ፣ ደብልም ሆነ ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል ያለው ርቀት ያው 3 ሜትር ከ8 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው፤ ጠቅላላ ርዝመቱም 5.3 ሜትር ገደማ። የሚለያዩት በካሶኒው ነው። ሲንግሉ 2.3 ሜትር ያህል ካሶኒ አለው፤ ኤክስትራ ካቡ 1.8፣ ደብሉ ደግሞ 1.5። ከሲንግል እስከ ደብል ድረስ ግድግዳዋ የተጓዘችው 80 ሳንቲ ሜትር ነው። ባልና ሚስት ሻጭ ፊት ቆመው የሚጨቃጨቁት በዚችው 80 ሳንቲ ሜትር ነው።

ሲንግሉ ከክርክሩ ውጪ ነው። ያለው አንድ ረድፍ ወንበር ብቻ ስለሆነ ገዢው ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ «ዘመድ አላመላልስም» ብሎ በብረት ያወጀ ሰው ነው። የደብሉም ነገር ግልጽ ነው፤ አራት ሙሉ በር፣ ሁለት ሙሉ ረድፍ፣ ከኋላ ሦስት ሰው፣ በኢትዮጵያ ስሌት አራት። አስቸጋሪው መካከለኛው ነው። ኤክስትራ ካብ ከፊት ወንበሮቹ ጀርባ ወንበር የሚመስል ነገር አለው። በአንዳንዱ ሞዴል በርም የሚመስል ነገር ይጨመርበታል። ሻጩ «አራት ሰው ይይዛል» ይላል፤ ውሸትም አይደለም፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚይዝ ግን አይናገርም።

የሰው ወገን በፒክአፕ ላይ መሬት መያዝ የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። የእርሻ መሣሪያና የጭነት መኪና ይሠራ የነበረው የአሜሪካው ኢንተርናሽናል ሃርቨስተር በ1957 ትራቭሌት የተባለ ባለ ሁለት ረድፍ ፒክአፕ አወጣ። በሮቹ ሦስት ነበሩ፤ በሾፌሩ በኩል አንድ፣ በሌላው በኩል ሁለት። አራተኛው በር የመጣው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ይህን የመሰለ መኪና የሚፈልጉት ሠራተኛና መሣሪያ አብረው የሚጓዙባቸው ሥራዎች ነበሩ፤ ሐዲድ ጠጋኞች፣ መስመር ዘርጊዎች፣ የእርሻ ሠራተኞች። ቤተሰብ ገና አልታሰበም።

መካከለኛው መንገድ የተገኘው በ1973 ነው። ዶጅ ጋቢናውን በጥቂቱ ወደ ኋላ ለጥጦ፣ በጎን ትንሽ መስኮት አውጥቶ፣ ከኋላ ተጣጣፊ መቀመጫዎች አስገብቶ ክለብ ካብ ብሎ ሸጠው። ፎርድ በዓመቱ ሱፐርካብ ይዞ ተከተለ። ዳትሰን ደግሞ በ1977 ከትንሿ ፒክአፑ ላይ ጥቂት ቦታ ፈልፍሎ ኪንግ ካብ አላት። ከኋላዋ የተቀመጠ ንጉሥ እስካሁን አልታየም። የእነዚህ ሁሉ ኋላ በር አልነበረውም፤ የፊቱን ወንበር ወደፊት አጥፎ፣ አንገት ሰብሮ፣ አንድ እግር አስቀድሞ መግባት ነበር። በር የተጨመረላቸው በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ፎርድ በ1997 ሞዴል ኤፍ 150 ላይ በተሳፋሪው በኩል ሦስተኛ በር አወጣ፤ ዶጅ በ1998 ሁለቱንም ጎን ከፈተ። ግን በር ከመጣ በኋላ ሰው በበር ብቻ አልረካም፤ እግር መዘርጊያም አማረው። ፎርድ ለ2001 ሞዴል ሱፐርክሩ የሚባለውን ሙሉ ደብል ሲያወጣ የአሜሪካ ቤተሰብ ተንጋግቶ ገባበት። ያ ከሆነ ወዲህ ኤክስትራ ካብ በአሜሪካ ገበያ በየጊዜው እያነሰ ሄዷል።

ገዢን ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው የፋብሪካዎቹ አሰያየም ነው። አዲስ አበባ ውስጥ «ደብል» ያለ ሰው ማብራሪያ አይጠየቅም፤ አራት ሙሉ በር ያለው መሆኑን ደላላውም፣ ጋራዡም፣ አጣቢውም ያውቃል። ይህ ሰው ወደ ዳላስ ወይም ወደ ዴንቨር ሄዶ፣ ሁለት ሦስት ዓመት ሠርቶ፣ ሸቭሮሌት ሲልቨራዶ መሸጫ ገብቶ «ደብል ካብ» ቢል የሚያመጡለት አነስተኛውን ነው፤ ትልቁ እዚያ ክሩ ካብ ይባላል። ተናድዶ ወደ ቶዮታ ቢሻገር፣ ታኮማ ላይ ደብል ካብ ትልቁ ነው። ደስ ብሎት «ሰፋ ያለ ሞዴል አምጡልኝ» ካለና ቱንድራ ከቀረበለት ግን እንደገና ተሳስቷል፤ በቱንድራ ደብል ካብ አነስተኛው ነው፣ ትልቁ ክሩማክስ ነው። አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ስም፣ ሁለት መጠን። ራም ደግሞ አነስተኛውን ኳድ ካብ ብሎታል፤ አራት በር ስላለው። ስለዚህ በበር ቁጥርም መተማመን አይቻልም። ከኋላ የራሱ እጀታ ያለው በር ያላቸው አነስተኛ ጋቢናዎች ከውጭ ሲታዩ ደብልን ቁርጥ ናቸው፤ ልዩነቱ የሚታወቀው ጉልበት ሲገባ ነው።

የጉልበቱ ልክ በወረቀት ይገኛል። አሁን ባለው የፎርድ ኤፍ 150 ትውልድ የሱፐርካቡ የኋላ እግር መዘርጊያ 85 ሳንቲ ሜትር ነው፣ የሱፐርክሩው 111። የ26 ሳንቲ ሜትር ልዩነት በወረቀት ላይ ሲነበብ ኢምንት ነው። ጤነኛ ጎልማሳ ከኋላ ተቀምጦ በዋሽንግተን አካባቢ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ደርሶ ሲመለስ ግን የት እንደነበረች ያውቃታል። በብዙዎቹ ኤክስትራ ካቦች የኋላው መደገፊያ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ መቀመጫው ያጠረ ነው። በድሮዎቹ ታናናሽ ሞዴሎች እንዲያውም መቀመጫው በጎን በኩል ተጣጥፎ የሚወርድ ስለነበር፣ ተሳፋሪው መንገዱን ሳይሆን ትይዩ የተቀመጠውን ሰው ጉልበት እያየ ይጓዝ ነበር።

የበሩ ነገር ሌላ ታሪክ ነው። የኤክስትራ ካብ የኋላ በር ብዙውን ጊዜ ማጠፊያው በስተኋላ ሆኖ በተቃራኒው ይከፈታል፤ የፊተኛው በር ሳይከፈት አይከፈትም፣ መካከል ላይ ምሰሶ የለምና። ከዚህ የሚከተለው ማኅበራዊ ሁኔታ ቀላል አይደለም። ከኋላ የተቀመጠ ሰው በራሱ ፈቃድ አይወርድም። ከፊት ያለው እስኪወርድ፣ ወይም ቢያንስ በሩን እስኪከፍትለት መጠበቅ አለበት። አንዳንዶቹ ሞዴሎች የፊተኛውን ሰው ቀበቶ ከኋለኛው በር ጋር ስላሰሩት፣ ቀበቶውን ሳይፈታ በሩ ቢከፈት ፊተኛው ሰው በቀበቶው ይጎተታል። በጠባብ ማቆሚያ ደግሞ ሁለቱ በሮች ፊት ለፊት ተከፍተው ሲቆሙ፣ ወራጁ ከሁለቱ በሮችና ከጎረቤት መኪና መካከል ይታሰራል። ለመውጣት የኋለኛውን በር መዝጋት ግድ ነው፤ የኋለኛውን በር ለመዝጋት ግን የቆመበትን ቦታ መልቀቅ አለበት።

የአበሻ ይሉኝታ ሲጨመርበት ነገሩ ይብሳል። ኤክስትራ ካብ ፊት የሚደረገው ግብዣ ታዋቂ ነው።

«እትዬ፣ እርስዎ ከፊት ይግቡ።»

«ኧረ በሞቴ! አንተ ረጅም ነህ፣ እኔ የትም ይበቃኛል።»

«በፍጹም አይሆንም፣ ከፊት ነው የሚቀመጡት።»

በደብል ይህ ውይይት ለወግ ያህል ነው፤ ማንም የትም ቢቀመጥ ይደርሳል። በኤክስትራ ካብ ግን ተሸናፊው በእውነት ይሸነፋል። ትሑቱ ሰው ከኋላ ገብቶ ጉልበቱን ደረቱ ላይ ይታቀፋል፤ ደጋግሞ «ተመቸህ?» ሲባልም «በጣም!» ይላል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲወርድ የሚራመደውን አረማመድ ያየ ሰው መልሱን ይመረምራል።

ለሕፃን መቀመጫ ጉዳዩ ከይሉኝታ ያልፋል። ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ የሚታሰረው የጨቅላ መቀመጫ ረጅም ነው፤ ኤክስትራ ካብ ውስጥ ሲገባ የፊቱ ወንበር ወደፊት መገፋት ይኖርበታል፣ ከፊት የሚቀመጠው ሰውም ዳሽቦርዱን በጉልበቱ ይነካል። በጎን የሚታጠፈው መቀመጫ ጨርሶ ለዚህ አይሆንም። ልጅ ያለው ወይም ልጅ የሚያስብ ቤተሰብ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ባያነብም ብዙ አይቀርበትም፤ ደብሉን ይግዛ።

ነገር ግን ኤክስትራ ካብን ለሰው የተሠራ አድርጎ መፍረድም ፍርደ ገምድልነት ነው። እውነተኛው ጥቅሙ የሚቆለፍ ቦታ መሆኑ ነው። ካሶኒ ላይ የተጣለ መሰርሰሪያ ዝናብ ያገኘዋል፤ ዝናብ ካላገኘው መብራት ላይ ሌላ ሰው ያገኘዋል። ከወንበር ጀርባ የተቀመጠ ግን ደረቅና ቁልፍ ውስጥ ነው። ብቻውን ወይም ከአንድ ረዳት ጋር የሚሠራ ቀለም ቀቢ፣ ቧንቧ ሠሪ፣ ኤሌክትሪሺያን፣ ከሱቅ እንጀራና የጤፍ ዱቄት ለምግብ ቤት የሚያመላልስ ሰው ከዚህ የተሻለ መኪና አያገኝም። ለእነዚህ ሰዎች የኋላው ወንበር ጠበበ ማለት ቁም ሣጥን ውስጥ መተኛት አልተመቸም እንደ ማለት ነው።

የካሶኒው ወገንም ማስረጃ አለው። ኤፍ 150 ሱፐርካብ ከ2 ሜትሩ ካሶኒ ጋርና ሱፐርክሩ ከ1.7 ሜትሩ ካሶኒ ጋር ጠቅላላ ርዝመታቸው እኩል ነው፤ 5.88 ሜትር። ከዕቃው የተወሰደችው 30 ሳንቲ ሜትር አብዛኛዋ ወደ ጉልበት ዞራለች። 30 ሳንቲ ሜትር ለዕቃ ምን ታደርጋለች ለሚል፣ ኮምፔርሳቶ ይጠየቅ። የአሜሪካ ኮምፔርሳቶ 2.44 ሜትር በ1.22 ነው። የኋላው መክደኛ ተዘርግቶ ሲጨመር ረጅሙ ካሶኒ ሙሉውን ጣውላ ይደግፈዋል፤ አጭሩ ላይ ግን ጫፉ ወጥቶ በየጉድጓዱ ያጎነብሳል። ሙክት ለመጫን ደብሉም አያንስም፤ በዓመት በዓል ዋዜማ የ1.5 ሜትር ካሶኒ ላይ ሁለት ሙክትና አንድ ያዥ በሚገባ ይጓዛሉ። የ12 ሜትር ፌሮ ግን ከሦስቱ አንዱንም አይመለከትም፤ እሱ ታጥፎም የአይሱዙ ጉዳይ ነው።

ሁለቱንም ለማግኘት የጓጓ ደግሞ አለ፤ ሱፐርክሩን ከ2 ሜትሩ ካሶኒ ጋር የሚያዝ። ያገኛልም። መኪናው ግን 6.18 ሜትር ይሆናል፣ የብዙ አሜሪካ ቤቶች ጋራዥ ጥልቀቱ 6.1 ሜትር አካባቢ ነው። ገዢው ያልለካ ከሆነ በመጀመሪያው ማታ በሩ ሳይዘጋ ያድራል። ከተማ ውስጥም ለመዞር ከሌሎች የሰፋ ቦታ ይፈልጋል፤ አንድ ጊዜ ዞሮ የሚጨርሰውን ሁለቴ ሦስቴ ማርሽ እየቀየረ ይገላበጣል።

ሰውና ዕቃ በፒክአፕ ላይ የሚያደርጉት ግፊያ መንግሥታትንም ግራ አጋብቷል። ቀረጥ ሰብሳቢ የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው፤ የሰው መኪና እና የጭነት መኪና። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አውሮፓውያን በአሜሪካ ዶሮ ላይ ቀረጥ ቢጥሉ፣ አሜሪካ በአጸፋው ከውጭ በሚገቡ ቀላል የጭነት መኪናዎች ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ጣለች፤ ከ1964 ጀምሮም ይሠራበታል። ዶሮው ከተበላ ዘመን ሆኖታል፣ ቀረጡ ግን አለ። የጃፓኑ ሱባሩ ብራት የምትባለውን ትንሽ ፒክአፕ ወደ አሜሪካ ሲልክ መላ ፈጠረ፦ ካሶኒዋ ላይ ፊታቸውን ወደ ኋላ ያዞሩ ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች ተከለ፣ ከነመያዣቸው። ወንበር ካለ የሰው መኪና ናት፣ የሰው መኪና ከሆነች 25 በመቶው አይመለከታትም። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሮናልድ ሬገንም በካሊፎርኒያ እርሻቸው አንዲት ብራት ነበረቻቸው። ብሪታንያ ውስጥ ነገሩ ተገላብጦ መጣ። ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ መሥሪያ ቤት ለሠራተኛው የሚሰጠው ደብል ፒክአፕ ለጥቅማ ጥቅም ግብር ሲሰላ እንደ ተራ አውቶሞቢል ይቆጠራል፤ ቀድሞ አንድ ቶንና ከዚያ በላይ የሚጭነው እንደ ዕቃ መኪና ታይቶ ቀለል ያለ ግብር ነበረበት። የኋላ ወንበሩ ሲደላ ግብሩም አብሮ ወጣ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ክርክሩ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ደብል አሸንፏል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የግንባታ ድርጅት፣ ረጅም አንቴና የተከለ ነጭ የፕሮጀክት መኪና፣ ሁሉም ደብል ነው። ምክንያቱ የመንገድ ወይም የጭነት ብቻ አይደለም። ደብል ከመሥሪያ ቤት አደረጃጀት ጋር ይስማማል። ጋቢና የክብር ቦታ መሆኑ ከድሮው የጭነት መኪና ጉዞ ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ከሾፌሩ አጠገብ የሚቀመጠው ከጭነቱ አናት ከሚሰቀለው ጋር እኩል አይታይም ነበር። ደብል ይህን በሦስት ደረጃ አደላድሎታል። ከፊት ኃላፊው፣ ከኋላ ባለሙያዎቹ፣ ካሶኒው ላይ ከሸራውና ከጎማው ጋር ቀሪው። ኤክስትራ ካብ ለአለቃና ለሾፌር ይበቃል፤ ምክትሉ ግን አገጩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወደ ወረዳ አይወርድም። ቢወርድም ለስብሰባ አይሆንም።

ደብል የራሱ ጣጣ አለው። ባዶ ካሶኒ ያለው መኪና በገጠር መንገድ «ሞልቷል» ቢል የሚያምነው የለም። እጃቸውን ያነሱ ሽማግሌ ጋቢናው ውስጥ ያለውን ሕዝብ አይተው «ግድ የለም ልጄ፣ ከኋላ እንሆናለን» ይላሉ፤ «እንሆናለን» ማለታቸው ከዛፉ ጥላ ሥር ገና ያልተነሱ ሌሎች ስላሉ ነው።

ምርጫው ኪስና ሚዛን ላይ ሲደርስ ጥቂት ነገሮች ይታያሉ። በአንድ ዓይነት ሞተርና መሣሪያ ደብል ከኤክስትራ ካብ ይወደዳል፤ ሲሸጥም ፈላጊው ብዙ ስለሆነ ዋጋውን በተሻለ ይይዛል። ላሜራው፣ መስታወቱና ወንበሩ ስለበዛ ክብደቱ ይጨምራል፣ የሚሸከመው ጭነት በዚያው መጠን ይቀንሳል። አሜሪካ ውስጥ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ሰውንና ዕቃን አንድ ላይ ደምሮ ከዚህ አይለፍ ይላል፤ ሚዛን ፊት እንግዳና ሲሚንቶ አይለይም። እያንዳንዳቸው 75 ኪሎ የሚመዝኑ አምስት ሰዎች ደብል ውስጥ ሲገቡ 375 ኪሎ ተጭኗል፤ ካሶኒው ገና ባዶ ነው። ባለቤቱ ግን የሚቆጥረው ከካሶኒው ጀምሮ ነው። ባሌስትራው ደግሞ ከመጀመሪያው ሰው ጀምሮ ቆጥሯል።

ከመግዛት በፊት የሚደረገው ፈተና ሻጭ የሚያሳየው ዙረት አይደለም። ሾፌሩ የፊት ወንበሩን ለራሱ በሚመቸው ልክ አስተካክሎ፣ ሳያንቀሳቅሰው ወርዶ፣ ከራሱ ጀርባ ገብቶ ሩብ ሰዓት ይቀመጥ። ኤክስትራ ካብ ከሆነ በሩን ሌላ ሰው ይዝጋበትና ይሂድ። ቀጥሎ የዘወትር ጭነቱን ርዝመት በሜትር ይለካ፤ በዓመት አንዴ የሚጫነውን አልጋ ሳይሆን በየሳምንቱ የሚጫነውን። ከኋላ የሚቀመጡ ሰዎች በሳምንት ስንት ቀን እንደሚቀመጡም ይቆጠር። ብዙዎች መኪና የሚገዙት በፋሲካ ለሚመጣ እንግዳ ነው፤ እንግዳው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ መኪና ይመጣል።

ያገለገለ መኪና ለሚገዛ ሁለቱ ዓይነቶች የሚያረጁበት ቦታ የተለያየ ነው። ኤክስትራ ካብ ላይ በመጀመሪያ የኋላ በሮቹ ጎማ ይታይ፤ ምሰሶ በሌለበት ሁለቱ በሮች የሚገናኙበት መስመር ሲላላ ነፋስ ያፏጫል፣ ውኃም ወደ ወለሉ ይገባል። ምንጣፉን ገልጦ ዝገትና የሻገተ ሽታ መፈለግ ነው። የበሩ መቀርቀሪያ ከላይም ከታችም ሙሉ በሙሉ መያዙ በእጅ ተገፍቶ ይረጋገጥ። የኋላ ወንበሩ አዲስ ቢመስል አያስገርምም፣ የሚያኮራም አይደለም። ደብል ላይ ደግሞ ዓይን መሄድ ያለበት ወደ ታች ነው፤ ባሌስትራው ቀጥ ብሎ ከተዘረጋ ወይም ተጨማሪ ብረት ከተደረበበት፣ ካሶኒው ከጋቢናው ጋር ያለው ክፍተት ከላይና ከታች እኩል ካልሆነ፣ መኪናው አምስት ሰው እየያዘ የሲንግልን ሥራ ሲሠራ ኖሯል። ሻጩ «የቤተሰብ መኪና ነበረች» ቢልም ካሶኒው ወለል ላይ የደረቀ ሲሚንቶ ካለ ዋጋው ላይ መነጋገር ይቻላል።